ዐይን የሌለው ደመና

የባለቤቴ አባት ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጂ እላቸዋለሁ። ደሴ ባለው ቤታችን የእሳቸው ክፍል መስኮት ወደ ኮምቦልቻ ማዶ ያይ ነበር። ከተማዋ ከእኛ ቤት አትታይም፤ ከእሷ በላይ ያለው ሰማይ ግን ይታያል። የበልግ ዝናብ ወደ እኛ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ሐጂ ከዙህር ሰላት በኋላ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ይቀመጣሉ። «ዛሬ ልብስ አታስጡ» ካሉ አናሰጣም። «ነፋስ ብቻ ነው» ካሉ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ የለም።

ከዚያ ጎረቤታችን ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ጀመረ። ብሎኬቱ ከፍ፣ ከፍ እያለ መጥቶ መስኮቱን ደፈነው። ሐጂ አልተቆጡም። «ሰውየው በገዛ መሬቱ ነው የሠራው» አሉ።

በዚያው ሰሞን ከመስጊድ ሲመለሱ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱ በአላህ ፈቃድ ተጠገነ። ሐኪሙ ወደ ቤት ሲሸኘን አንድ ነገር አጥብቆ ነገረን። ቀን ቀን ይቀመጡ፣ ቀስ እያሉም ይራመዱ፤ ተኝተው ከዋሉ ሳንባቸው ይታመማል፣ እግራቸውም አይመለስም አለን። ሐጂ ግን «ያመኛል» አሉ። ያማቸውም ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ደግፎ ሊያስቀምጣቸው ሲል፣ «ተቀምጬ ምን ልይ? ብሎኬት?» አሉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ሰላታቸውንም ተኝተው ነበር የሚሰግዱት። ልጃቸው ለመናቸው። ከእኛው ጋር የምትኖረው የባለቤቴ እህት አለቀሰችባቸው። አልተነሡም። ድምፃቸው በየቀኑ እየቀጠነ ሄደ። ሳል ጀመራቸው።

እኔ ሥራዬ የሠርግ ፎቶ ማንሣት ነው፤ በሴቶቹ በኩል። በእኛ ሠርግ ሴቶቹ ለብቻቸው ሆነው ፀጉራቸውን ገልጠው ሲጨፍሩ ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። ስለዚህ እኔ እጠራለሁ። ፎቶውን ለሙሽራዋ አስረክባለሁ፤ ከእኔ ዘንድ አንድም አይቀርም። ሐጂ ሥራዬን ነቅፈውት አያውቁም። «የሴቶቹን ገመና እስከጠበቅሽ ድረስ ሐላል እንጀራ ነው» ብለውኛል። በቤታቸው ግድግዳ ላይ ግን ሩህ፣ ማለትም ነፍስ፣ ያለው ነገር ምስል አይሰቀልም። ሰውም፣ ከብትም፣ ወፍም። የራሳቸው ፎቶ ያለው ፓስፖርታቸው ላይ ብቻ ነው፤ ለሐጅ ጉዞ ግድ ሆኖባቸው የተነሡት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ናቸው።

«ሐጂ፣ የሰማይ ፎቶ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ነውር አለው?» አልኳቸው።

«ሰማይ ሩህ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ።»

«እዚህ ልሰቅልልዎ ብዬ ነው። በመስኮቱ ፈንታ።»

የተኙ መስሎኝ ልወጣ ስል፣ «ባዶ ሰማይ ከሆነ አትድከሚ» አሉ። «ዝናብ ያለበት ይሁን።»

ከዚያ በፊት ሰማይ አንስቼ አላውቅም ነበር። የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ስውል ቀና ብዬ የማየው አምፖል ነው። ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ጣራችን ላይ ልብስ የምናሰጣበት ሰገነት አለ። የደረጃው በር ካለበት ጥግ ሲቆሙ በአዲሱ ፎቅ ጎን በኩል የኮምቦልቻ ሰማይ ይታያል። ሐጂ ደረጃውን መውጣት ስለማይችሉ ነው እንጂ ሰማዩስ እዚያው ነበር። ነጎድጓድ ሲጀምር በቤታችን የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ይሸፈናል፤ መስታወቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የግድግዳ ሰዓቱ ሳይቀር። መብረቅ የሚያብለጨልጭ ነገር ይወዳል ይባላል። ይህን የምታደርገው የባለቤቴ እህት ናት። የመጀመሪያው ቀን ካሜራዬን ይዤ ወደ ደረጃው ሳመራ አንሶላ ታቅፋ አገኘችኝ።

«ሰው መስታወት ይሸፍናል፣ አንቺ መስታወት ይዘሽ ትወጫለሽ» አለችኝ። «ወላሂ መብረቁ አድራሻ ጠፍቶበት ነበር።»

«አብሽሪ፣ ከደረጃው በር አላልፍም።»

«እሱን ለእኔ ነው የምትነግሪው ለመብረቁ?»

እውነትም ከበሩ አላለፍኩም። ከበሩ በላይ ካለው የሲሚንቶ ክዳን ሥር ሆኜ ነበር የማነሣው። መብረቁ ሲቀርብ እገባለሁ። ይህን ሥርዓት አንድ ቀንም አላፈረስኩም፤ ልጆች አሉኝ።

ያን ቀን ከማዶ የተነሣው ደመና እንደ ጥጥ ክምር ነጭ ነበር። ሥሩ ጠቁሯል፤ አናቱን ከጦሳ ተራራ በኩል የምታዘቀዝቀው ፀሐይ ወርቅ ቀብታዋለች። ነጎድጓድ ሲሰማ የሚባለውን ዱዓ አልኩና አነሣሁ። በዚያው ሳምንት ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ትልቅ አድርጌ አሳተምኩ፤ ፍሬም አስገባሁለት። ይዤው ስገባ ቤተሰቡ ሁሉ ተከተለኝ።

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ። «ማሻአላህ» አሉ። ልቤ ሞላ። ከዚያ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደመና ነው፣ ሐጂ።»

«ዐይን አለው።»

የባለቤቴ እህት ጠጋ ብላ አየች። «ያ ረቢ! ግመል ነው» አለች።

«የቱ ጋ?» አለ ባለቤቴ።

«ይኸው አንገቱ። ይኸው ከንፈሩ። ተቆጥቷል ደግሞ።»

«አልተቆጣም፣ ቅጠል እየበላ ነው» አለች ትንሿ ልጄ።

«ባቲ ገበያ ግመል ስገዛና ስሸጥ ነው ያረጀሁት» አሉ ሐጂ። «ግመል አታሳዩኝ። ሴት ናት። ለዚያውም እርጉዝ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን ካዩልኝ በኋላ ከግመሏ በቀር ምንም አልታይ አለኝ። ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። «ውሰጂው ልጄ» አሉ። «ምን ላድርግ። ካየሁ በኋላ አላየሁም አልል።» ተመልሰው ተኙ።

ፍሬሙን ተሸክሜ ስወጣ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ፎቶውን ሲያዩ በክርናቸው ተደግፈው ከትራሱ ብድግ ብለው ነበር። ማንም ሳይለምናቸው። ግመሏን ባለቤቴ ፒያሳ ያለው የጨርቅ ሱቁ ውስጥ ሰቀላት። «የግመሏ ሱቅ» የሚሉት ደንበኞች ተፈጠሩ።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል። ደመና ሁሉ ፊት አወጣ። አነሣና በካሜራው ስክሪን እመረምራለሁ፤ አንዱ አፍንጫ አለው፣ አንዱ ክንፍ አለው፣ አንዱ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። ትንሿ ልጄ ከጎኔ ሆና «ድመት» ትላለች፤ አጠፋዋለሁ። አንድ በጣም የወደድኩትን ደብቄ ላሳልፈው አሰብኩ። ባለቤቴ ገና ከሩቅ አይቶ «ይሄ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አይደለም?» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ደመናውን ትቼ ዝናቡንና መብረቁን መያዝ ነበረብኝ። ዝናብ ፊት የለውም።

መብረቅ ግን ሙሽራ አይደለም። ሙሽራ ከመሳቋ በፊት ጉንጯ ይናገራል፤ ጣቴ ያንን ያውቃል። መብረቁን አይቼ ስጫን ግን የማገኘው መብረቁ የሄደበትን ጨለማ ብቻ ሆነ። ከብዙ ድካም በኋላ ነገሩን ደረስኩበት። ማሳደድ ሳይሆን ከፍቶ መጠበቅ ነው። ካሜራውን ስታንድ ላይ አስሬ፣ የብርሃን መግቢያውን አጥብቤ፣ መዝጊያውን ከፍቼ እቆያለሁ። በቆይታዬ ሱብሐነላህ እላለሁ፤ ደግሜ ደጋግሜ፣ በዝግታ። መብረቁ ከወደቀ እዘጋለሁ። ካልወደቀም አላህን ማውሳቱ፣ ዚክሩ፣ ይተርፈኛል።

ይህ ነገር ልቤን ቆረቆረውና ሐጂን ጠየቅኳቸው። ዚክርን የካሜራ ሰዓት ማድረግ ማቃለል እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር።

«መጀመሪያ ለማን ነው የምትዪው?» አሉኝ።

«ለአላህ።»

«እንግዲያ ካሜራው ይስማ። ምን ይጎዳል» አሉ። ሳል አቋረጣቸው። ቃላቸውን ለመጨረስ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አየሁ። በዚያ ቀን ከክፍላቸው ወጥቼ ደረጃው ሥር ተቀመጥኩ፤ ያ ረቢ አንድ ፎቶ ስጠኝ ብዬ ለመንኩ። ለግድግዳው አልነበረም የለመንኩት።

አንድ ምሽት የማይገኝ ሰማይ መጣ። መብረቁ ማዶ ላይ እንደ ሥር እየተበተነ ይወርዳል፤ ብርሃኑም ለካሜራ የሚሆነው ልክ ነበር። ስታንዱን ዘርግቼ ሳልጨርስ የመግሪብ አዛን ተሰማ። መግሪብ ጊዜው አጭር ነው። ወርጄ ሰገድኩ። ስመለስ ሰማዩ ተጠራርጎ ኮከብ ወጥቶበታል። አልተቆጨሁም ብል ውሸት ነው። ግን በሰላቴ መሐል መብረቁን አላሰብኩትም፤ ይህን ያደለኝ ጌታ ሌላውንም አይነፍገኝም ብዬ ስታንዱን አጠፍኩ።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሁድ ኮምቦልቻ ሠርግ ነበረብኝ። የሴቶቹን ወገን አንሥቼ ስጨርስ የዐስር ሰላት ሰግጄ የደሴ ሚኒባስ ያዝኩ። የሐረጎን ጥምዝ ዳገት እየወጣን ሳለ የሚኒባሱ ሞተር ሞቀ። ሾፌሩ ዳር አስያዘው።

«ጀማው፣ ሞተሩ ትንሽ ይተንፍስ» አለ። «ውረዱና እግራችሁን ፍቱ።»

ወረድኩና ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ሱብሐነላህ።

ኮምቦልቻ ከሥራችን ናት። ከእሷ ባሻገር፣ ከባቲ በኩል፣ ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ዝናቡ እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ እኛ ከላይ ሆነን እሱ ከሥራችን ይዘንባል። ከጥቁሩ ሰማይ እስከ መሬት እንደ ተንጠለጠለ መጋረጃ ነበር። መጋረጃው ውስጥ መብረቅ ይበራል። ከኋላችን ያለችው ፀሐይ የቦርከናን ወንዝ አብርታው በሜዳው መሐል እንደ ክር ያብለጨልጫል። ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ ሲመጣብኝ ነው ያየሁት። ከላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ስንት ደቂቃ እንቆማለን?» አልኩት ሾፌሩን።

«እሱን ሞተሩን ጠይቂው፣ እናቴ።»

ስታንዱን መንገዱ ዳር ተከልኩ። አንድ ጠና ያሉ ተሳፋሪ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ።

«ቀያሽ ነሽ?» አሉኝ። «መንገዱ ሊሰፋ ነው?»

«አይ አባቴ። ዝናብ ላነሣ ነው።»

«ደሴ ዝናብ ጠፋ?»

«አልጠፋም። እንዲህ አይታይም እንጂ።»

ሽማግሌው ማዶውን አዩ። ብርቱካን የያዘች አንዲት ሴት ዘንቢሏን አስቀምጣ መጣችና ሳልጠይቃት ነፋሱን በጀርባዋ ከለለችልኝ። ከፈትኩ። ዚክሬን ጀመርኩ። መብረቁ ከክፈፉ ውጪ ወደቀ። ዘጋሁ፤ ደግሜ ከፈትኩ። ምንም። ሾፌሩ ውሃ ጨምሮ ክዳኑን ገጠመ።

«ተነሣን፣ ግቡ» አለ።

«በአላህ፣ አንዴ ብቻ።»

«እናቴ፣ ፎቶ አንሺ ሁሉ አንዴ እያለ ነው የሚያታልለን።»

ሰው ሳቀ። እኔ ከፍቼ ነበር። ሽማግሌው «ተዋት፣ ዝናብ አይጠራም፣ ሲመጣ ነው» አሉልኝ። ያኔ ወደቀ። ከመጋረጃው መሐል ተነሥቶ፣ ሁለት ሆኖ ተሰንጥቆ፣ ከወንዙ ማዶ መሬት ነካ። ድምፁ ዘግይቶ ተራራውን መታ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ እኔም። ዘጋሁና አየሁት። አለ። ከነ ሥሩ፣ ከነ ቅርንጫፉ፣ አለ።

ከዚያ ግመሏ ትዝ አለችኝ።

«በአላህ እዩልኝ» አልኳቸው። «ዐይን ያለው ነገር ይታያችኋል?»

ሾፌሩ ሴትየዋን አየ፤ ሴትየዋ እኔን አየች። ነገሩን ነገርኳቸው፤ ሐጂን፣ መስኮቱን፣ ዳሌያቸውን፣ ግድግዳውን። ስጨርስ ማንም አልሳቀም። ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«እዚህ ታች አፍንጫ የመሰለ ነገር አለ» አሉ።

«እሱ ገደል ነው፣ አባባ» አለች ሴትየዋ። «እዚያው አለ፣ ይዩት።»

ሾፌሩ ተቀበላቸውና ቀጥ አድርጎ አየው፣ ገልብጦ አየው።

«ዐይን የለውም» አለ። «ተገልብጦም የለውም። ሾፌሩ መስክሯል በያቸው።»

«እኔም እመሰክራለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ምስክር ሁለት ነው።»

«እኔስ?» አለች ሴትየዋ። ወደ መኪናው ስንመለስ እየተከራከሩ ነበር።

አሳትሜው ወደ ቤት ያመጣሁት ቀን ሐጂ ቁርሳቸውን አልበሉም ነበር። ከአልጋቸው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት። «ሐጂ፣ ሦስት ምስክር አለው» አልኳቸው። ወደ እኔ ዞሩ። መነጽራቸውን ራሴ አደረግኩላቸው። የባለቤቴ እህት በሩ ላይ ቆማለች።

ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ጣታቸውን አነሡ።

«ሐረጎ ነው።»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ዝናቡ ወዴት ይሄድ ነበር?»

«ወደ ደሴ ነው እንጂ» አለ ባለቤቴ። «ከባቲ ተነሥቶ ወደ እኛ።»

«አንተ የምታውቀው አቡጀዲ ነው» አሉት። «የዝናቡን እግር እይ። ወዴት ነው ያጋደለው? ቆላውን ይዞ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ደሴ ጠብታ አልወረደም።»

እውነት ነበር። ቤት ስደርስ ያሰጣሁት ልብስ ደርቆ ነው ያገኘሁት። ባለቤቴ ግን ክርክሩ አባቱን እንዳነቃቸው ገባው መሰለኝ፣ አልተቀበለም።

«አባባ፣ እኔ እስከማየው ወደ ደሴ ነው።»

«የት ታያለህ አንተ» አሉ ሐጂ። አንገታቸውን አስግገው ለማየት ሞከሩ። «ከዚህ ሩቅ ነው። አንሡኝ።»

ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆንን። እህቱ ወንበሩን ጎትታ አመጣች። ዳሌያቸው አሟቸው ፊታቸው ተጨማደደ፤ «ተዉኝ» ግን አላሉም። ተቀመጡ። ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳርፈው የዝናቡን እግር ለልጃቸው እያሳዩ እስኪደክማቸው ገሠጹት። ባለቤቴ «እሺ አባባ፣ ገባኝ» ብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አገኘሁት።

ያን ቀን ሐጂ ዐስርን ተቀምጠው ሰገዱ። አልሐምዱሊላህ።

በማግስቱም ተቀመጡ። ፎቶውን ፊት ለፊታቸው ሰቀልነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ክርክሩ ይነሣል፤ ዝናቡ ወዴት ይሄዳል? ወደ ደሴ ያለ ሰው እየተገሠጸ ይወጣል። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። ከዚያ በምርኩዝ ተነሥተው ፎቶውን በቅርብ ማየት ጀመሩ፤ ከወንበሩ እስከ ግድግዳው፣ ከግድግዳው እስከ ወንበሩ። ሐኪሙ ዘንድ ለክትትል ስንሄድ ምን እንዳደረግን ጠየቀን። ባለቤቴ «ዝናብ አሳየናቸው» አለው።

ክረምቱ ሲገባ ጣራው ላይ ያነሣኋቸውን በካሜራው አሳየኋቸው። አልጣማቸውም።

«የምትቆሚበት ቦታ ልክ አይደለም» አሉኝ። «ከፎቁ ጋር ተጋፍተሽ ነው የምታነሺው።»

«ሌላ ቦታ የለም፣ ሐጂ።»

«አለ። ልምጣና ላሳይሽ።»

ባለቤቴ ከኋላቸው፣ እኔ ወንበሩን ተሸክሜ ከፊታቸው ሆንን። አንዱን ደረጃ ወጥተው ያርፋሉ፤ ደግሞ ይወጣሉ። የባለቤቴ እህት ከታች ሆና «አሁንስ አባባንም አስከተለቻቸው» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን ይስቅ ነበር። ከደረጃው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሰማዩ ከማዶ እስከ ማዶ ክፍት ነበር፤ ዝናቡ ገና ሩቅ ነው፣ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሐጂ ምርኩዛቸውን እንደያዙ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በክዳኑ ሥር ተቀመጡና በምርኩዛቸው የሲሚንቶውን ግራ ጥግ አሳዩኝ። ስታንዱን እዚያ አደረግኩ። ፎቁ ከክፈፉ ወጣ። ካሜራውን ከፍቼ ዚክሬን ጀመርኩ።

ባለቤቴ ስለ ሱቁ አንድ ነገር ሊነግረኝ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አሉት ሐጂ። «ከፍታ እየጠበቀች ነው።»